ነጠላዬ የጣለው ንጉሥ

ቼዝ ስጫወት ነጠላ አልለብስም። ደባርቅ ብርዷ አጥንት ድረስ የሚገባ ከተማ ስለሆነች፣ ባልደረቦቼ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ሲጫወቱ እኔ በሹራብ ብቻ መቀመጤ ያየኝን ሁሉ ይገርመዋል። አዳዲስ የሚመደቡ መምህራንማ «ዘመናይ ናት» እያሉ ያሙኛል። ዘመናይነት አይደለም። ምክንያቱን ስትሰሙ መጀመሪያ ትስቁ ይሆናል፤ እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ። እስቲ ከሥሩ ላውጋችሁ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ደባርቅ የሂሳብ አስተማሪ ከሆንኩ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል። ትውልዴ ግን ጎንደር ነው። አባቴ በአንድ ደብር የዜማ መምህር ነበሩ። እናቴ የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ስላረፈች ያደግሁት ከቆሎ ተማሪዎቹ ጋር ነው። ተማሪዎቹ አባቴን «የኔታ» ይሏቸዋል፤ እኔም አፌን የፈታሁት «የኔታ» እያልኩ ነው። በቤታችን «አባቴ» የሚል ቃል ተሰምቶ አያውቅም። ማንም አልከለከለኝም፤ ብቻ አልለመደብኝም።

የመቋሚያቸው ድምፅ ከደጅ ሲሰማ ሁላችንም ብድግ እንላለን። «ኖር!» እንላለን። «በእግዜር! ተቀመጡ» ይላሉ። ይህን ሳይሉ የሚቀመጥ የለም። አንድ ጊዜ ልባቸው ሌላ ነገር ላይ ሆኖ መልሱን ረስተው ገቡና መጽሐፋቸውን ገልጠው ማንበብ ጀመሩ። እኛም ቆመን ቀረን። ብዙ ቆይተው ቀና ሲሉ «ምነው ተገትራችሁ ቀራችሁ?» አሉን። ያን ቀን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ።

ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ለአንድ ደቀ መዝሙራቸው አሰቡኝ። ልጁ ዲያቆን ነበር፤ ቅስና ከመቀበሉ በፊት ማግባት ነበረበት። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ነገር ግን አልፈለግሁትም። አንድ ምሽት እራት በልተን ስናበቃ የኔታ «ነገሩን ሰምተሻል። አንቺ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። ልብ በሉ፣ ጠይቀውኛል። ስንቷ ሳትጠየቅ ተድራለች! እኔ ግን ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ «እሺ የኔታ» አልኩ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ የመምህርነት ምደባ ወረቀቴን በቦርሳዬ ይዤ በጓሮ በኩል ወጣሁና ደባርቅ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልመጣልኝም። በየዓመቱ ማር እልካለሁ፤ ይቀበላሉ። ደብዳቤ እልካለሁ፤ ይቀበላሉ። መልስ የለም። ደብሩ ሲነግሥ ጎንደር እመጣና ከሴቶቹ መሀል ተሸጉጬ ድምፃቸውን ሰምቼ እመለሳለሁ። ናፍቆት የሚሉት ነገር ከሩቅ ሰው ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ሃያ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ የሚያዜም ሰው እንዴት እንደሚናፍቅ ያወቅሁት ያኔ ነው። አለቅስ ነበር፤ ደግነቱ በንግሥ ቀን የሚያለቅስ ሰው ብዙ ስለሆነ ማንም ልብ አይለኝም።

ቼዝ ያስተማረኝ አያ ደረሰ ነው። በጉብዝናው ዘመን ከጎንደር አዲ አርቃይ የጭነት ማኪና ይነዳ ነበር። ሊማሊሞ ላይ ናዳ መንገዱን ሲዘጋው፣ ሾፌሮቹ ድንጋዩ እስኪነሣ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ሥር ተቀምጠው ቼዝ ይጫወቱ ነበር። እሱም የተማረው እዚያ ነው። ዓይኑ ደክሞ መንዳት ሲያቆም የመምህራን ክበባችን ቋሚ ደምበኛ ሆነ፤ ለሚፈልገውም ለማይፈልገውም ያስተምራል።

ጥቁር ሲደርሰኝ እንድጫወተው ያስተማረኝ ሲሲሊያን የተባለውን መከላከያ ነው። ቼዝ ለማታውቁ በአጭሩ ላስረዳ። ነጩ አብዛኛውን ጊዜ ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት እርምጃ ገፍቶ የሰሌዳውን መሀል ይይዛል። ጀማሪ ሰው እሱም ያንኑ ወታደር አውጥቶ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። በሲሲሊያን ግን ጥቁሩ መሀሉን ይተወውና ከጎን ያለች አንዲት ወታደር ያወጣል።

«ፊት ለፊት መላተም ምን ያደርግልሻል?» ይለኝ ነበር አያ ደረሰ። «በጎን ውጭና ጠብቂው። መሀሉ የኔ ነው ብሎ ሲዝናና ያች የጎን ወታደር የመሀሉን ትበላለታለች። ሸጋ መከላከያ ነው!»

ትምህርቱ አልከበደኝም። ሳላውቀው የኖርኩበት ነገር ነው፤ «እምቢ» ከማለት በጓሮ መውጣትን የመረጥኩ ሰው ነኝ።

የዚያን ዓመት በየከተማው ያሉ ቡድኖች ጎንደር ላይ ለሦስት ቀን ውድድር ተጠሩ። አንድ ቡድን አራት ሰው ያሰልፋል፤ ያሸነፈ አንድ ነጥብ፣ አቻ የወጣ ግማሽ ያመጣል። አንደኛ የወጣው ባሕር ዳር ሄዶ ለክልሉ ዋንጫ ይጫወታል። ደባርቅ አንድም ጊዜ አልፎ አያውቅም። የእኛ አለቃና የመጀመሪያው ሰሌዳ ተጫዋች አያ ደረሰ ነበር። ሁለተኛዋ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ሦስተኛው የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ አራተኛዋ እኔ። ከደባርቅ ስንነሣ አያ ደረሰ «ይህ የመጨረሻዬ ነው። ከርሞ ፈረሱንና ጳጳሱን የምለይ አይመስለኝም» አለን። የቀለደ መስሎን ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

የምንጫወትበት አዳራሽ ከአባቴ ቤት በእግር አሥር ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው ቀን አለፈ፤ አልሄድኩም። በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ አያ ደረሰ ዘግይቶ መጣና ሳይታጠብ ከአጠገቤ ተቀመጠ።

«ምነው ዘገየህ፣ አያ?»

«ደብር ሄጄ ነበር። አባትሽን አገኘኋቸው።»

ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ።

«ሊመንኑ ነው፣ ትርንጎ። ቤቱንም ወንበሩንም ለተማሪያቸው አስረክበዋል። ነገ አምስት ሰዓት ላይ ከሁለት መነኮሳት ጋር በማኪና እስከ አዲ አርቃይ፣ ከዚያ በእግር ወደ ቆላው ገዳም።»

ያን ገዳም የማያውቅ የአካባቢያችን ሰው የለም። ሴት አትገባበትም። ሊመንን የገባ ወንድም አይመለስም፤ ስሙ ይለወጣል፣ ፍትሐት ተፈትቶለት እንደሞተ ይቆጠራል። ለሞተ ሰው እንኳ መቃብሩ አጠገብ ሄደህ ታለቅሳለህ።

«ስለ እኔ ነገርካቸው?»

«ልጅዎ እዚሁ ከተማ ናት አልኳቸው። ‹ምን ልትሠራ መጣች?› አሉኝ። ቼዝ ልትጫወት አልኳቸው። ምን እንደሆነ የገባቸው አይመስለኝም። ‹ታሸንፋለች?› አሉኝ።»

«ሌላስ?»

«አዳራሹ የት እንደሆነ ነግሬያቸው መጣሁ። ሂጂ አንቺ ልጅ፤ ዛሬውኑ ሂጂና ጉልበታቸውን ስመሽ ተመረቂ። ነገ የለም እኮ!»

የከሰዓቱን ጨዋታ እንደምንም ጨርሼ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሄድኩ። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ አንድ ተማሪ ያዜማል፤ የኔታ ያርሙታል። «አይደለም፣ አይደለም። አትቸኩል፤ ድምፅህን አሳርፈው» ይላሉ። ድምፃቸው ሰልሏል። እጄን በሩ ላይ አኖርኩ። ምን ብዬ ልግባ? «እሺ» ብሎ የጠፋ ሰው ሲመለስ በምን ቃል ይጀምራል? ተማሪው ዜማውን እስኪጨርስ ቆምኩ። ከዚያ የግቢውን በር እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳምኩትና ተመለስኩ። ነገ ጠዋት ከጨዋታው በፊት እመጣለሁ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ጠዋት ለዚሁ ብዬ አዲሱን ነጠላዬን ለበስኩ። ዘርፉ ረጅም ነበር፤ ለአባቴ እግር የሚመጥን ልብስ ያ ብቻ ነው ያለኝ። ለባብሼ ወጣሁ፤ መንታ መንገዱ ላይ ስደርስ እግሬ ወደ አዳራሹ ታጠፈ። ፈሪ ነበርኩ። ሌላ ስም ላወጣለት አልችልም።

የመጨረሻው ግጥሚያችን ከአይከል ቡድን ጋር ነበር። በነጥብ እኩል ነን፤ እንደ ዕጣ ሆኖ አቻ ከወጣን በቀደሙት ጨዋታዎች ብልጫ የሚያልፉት እነሱ ናቸው። ማሸነፍ ነበረብን። ሦስት ሰዓት ላይ ጀመርን። የእኔ ተጋጣሚ መልካሙ የሚባል፣ እንደኔው አስተማሪ የሆነ ዝምተኛ ልጅ ነው። ከመቀመጡ በፊት እጄን ጨብጦ «እንደምን አደርሽ» ሲል የምር የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

ነጭ እሱ ነው። ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ገፋ። እኔም የጎኗን ወታደር አወጣሁ። እሱ መሀሉን አሰፋ፤ የእኔዋ ወታደር የመሀሉን በላች፤ በፈረስ መለሰልኝ። እስከዚህ ድረስ ሁለታችንም በቃል የምናውቀው ነው። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ እርምጃ እንደ ዳገት ሆነብኝ። እሱ በግራዬ በኩል ወደ ንጉሤ ወታደሮቹን ይነዳል፤ እኔ በቀኜ በኩል በተከፈተልኝ መስመር ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ግንቤን አሰልፌ እጠብቃለሁ። አንድ ጊዜ አለቀልኝ ብዬ ነበር። ከንጉሤ ፊት የቀረችኝ አንዲት ወታደር ስትሆን አያ ደረሰ ከሩቅ ሰሌዳዬን አይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ከሰሌዳው ጎን ያለው ሰዓት የጨዋታዬን ጊዜ ይቆጥራል። የግድግዳው ሰዓት ደግሞ የአባቴን መሄጃ ይቆጥርብኛል። አንድ ወታደር ካንቀሳቀስኩ በኋላ ቀና ስል አራት ሰዓት። ፈረስ ከተለዋወጥን በኋላ ቀና ስል አራት ከሩብ። ንግሥቶቻችን ተበላልተው ሲወጡ አራት ተኩል ሆነ።

በዚህ መሀል ሌሎቹ ሦስት ሰሌዳዎች አለቁ። አያ ደረሰ አሸነፈ፤ ነርሷ ተሸነፈች፤ ሦስተኛው አቻ ወጣ። አንድ ተኩል ለአንድ ተኩል። ሁሉም ወደ እኔ ሰሌዳ ተሰበሰበ። ሰሌዳው ላይ ለእያንዳንዳችን አንድ ግንብ ቀርቶናል፤ ለእኔ ግን አንዲት ትርፍ ወታደር አለችኝ፤ አንድ እርምጃ ከሄደች ንግሥት ትሆናለች። ንጉሤ ከፊቷ ቆሞ መንገዷን ዘግቷል። እሱን አውጥቼ ከመልካሙ ግንብ ቼክ፣ ንጉሥን ከሚያስፈራራው እርምጃ፣ መሰወር ብቻ ነው የቀረኝ። አያ ደረሰ ይህን ቦታ መቶ ጊዜ አሠርቶኛል፤ «ድልድይ ሥሪ» ይለዋል፤ ግንብሽን በንጉሥሽና በእሱ ግንብ መሀል አስገቢ ማለቱ ነው። ከጨዋታ ጊዜዬ አምስት ደቂቃ አልሞላም የቀረኝ። እጄን ወደ ግንቤ ሰደድኩ።

ያን ጊዜ ከአዳራሹ በር የመቋሚያ ድምፅ ሰማሁ።

በሲሚንቶ ላይ ያ ድምፅ አንድ ነው፤ ከሺህ መቋሚያ እለየዋለሁ። ሁለቴ ጠቅ፣ አንዴ ዝም፣ ሁለቴ ጠቅ። ቀና አልኩ። ነጭ ጥምጥም፣ ትከሻ ላይ የተጣለ ኩታ፣ የመንገደኛ ከረጢት። ስድስት ዓመት ያረጁ አባቴ።

አስቤ ያደረግሁት ነገር የለም። ሰውነቴ ራሱ ብድግ አለ። «ኖር!» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ፤ በዚያ ፀጥታ ውስጥ አዳራሹ በሙሉ ሰማው። ስነሣ የነጠላዬ ዘርፍ ሰሌዳውን ጠረገው። ንጉሤ ተገለበጠ፣ ከጠረጴዛው ወደቀ፣ በሲሚንቶው ላይ እየተንከባለለ ሄደ።

ቼዝ ተጫዋች ንጉሡን ጥሎ ሲነሣ «ተሸንፌያለሁ» ማለቱ ነው። መልካሙም እንደዚያ ነው የገባው። ተገርሞ አየኝ፤ ሰዓቱን አቆመ፣ ከወንበሩ ተነሣና እጁን ዘረጋልኝ።

እኔ ዓይኔ አባቴ ላይ ነው። የተዘረጋ እጅ ግን አየሁ። የተዘረጋ እጅ በአየር ላይ ጥሎ ማስቀረት ደግሞ ነውር ነው፤ እንዲያ ሆነን አላደግንም። በግራ እጄ የቀኝ ክንዴን ደግፌ፣ ጎንበስ ብዬ ጨበጥኩት። ሽንፈቴን ከነሙሉ ሥርዓቱ ተቀበልኩ።

«ምን ሆነሻል አንቺ!» የአያ ደረሰ ድምፅ ነበር። «ያሸነፍሽውን ጨዋታ! ዳኛ! ልጅቱ አልለቀቀችም፣ ነጠላዋ ነው የጣለው!»

የአይከል ልጆችም ተነሡ። «እጅ ጨብጣለች! ሁላችንም አይተናል!»

ዳኛው ጸጉሩ የሸበተ የስፖርት አስተማሪ ነበር። እጁን አንሥቶ ሁሉንም ዝም አሰኘና ወደ እኔ ዞረ። «ንጉሥሽ ወድቋል፤ ተነሥተሻል፤ እጅ ጨብጠሻል። በደንቡ ይሄ መሸነፍ ነው። ግን ካንቺ ልስማ። ለቀሻል ወይስ አልለቀቅሽም?»

እኔ አሁንም ቆሜያለሁ። አባቴ በሩ አጠገብ ቆመው ያዩኛል። ለ«ኖር» መልስ አልሰጡኝም። ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ቃል አንድ ትንፋሽ ነው የቀረው፤ አልመጣም።

ያን ጊዜ ምን እንዳማረኝ ልንገራችሁ? «ለቅቄያለሁ» ማለት። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ «እሺ» ብል ሁሉም ዝም ይላል፣ እኔም በጎን እወጣለሁ። አያ ደረሰን አየሁት፤ ክርኑን ይዞ ከንፈሩን ይነክሳል። ከዚያ አባቴን አየሁ። ቀጥ ብዬ አየኋቸው።

«አልለቀቅሁም» አልኩ። «አልተሸነፍኩም። አባቴ ሲገቡ ተነሣሁ እንጂ።»

«አባቴ» ስል በጆሮዬ ሰማሁት። በሕይወቴ መጀመሪያዬ ነበር።

መልካሙ በሩ ላይ ወደቆሙት ሽማግሌ ዞሮ አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ። «አባትሽ ናቸው?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ወደ ዳኛው ዞሮ «እኔም አባቴ ቢገባ እነሣ ነበር። ይቀጥል» አለ። የቡድኑ ሰዎች አጉረመረሙ። «ይቀጥል አልኩ እኮ!» አለ ደግሞ፤ ያ ዝምተኛ ልጅ። ስሙን በጸሎቴ አልረሳውም።

ዳኛው ተስማማ። «ንጉሡ የት ሄደ?» ሲል ግን ሁሉም ወደ መሬት አየ። ንጉሤ አባቴ እግር ሥር ነበር። ጎንበስ ብለው አነሡት። በመዳፋቸው አገላብጠው አዩት፤ ከእንጨት ነው ከምን ነው የሚሉ ይመስሉ ነበር። ከዚያ እያነከሱ መጡና እጄ ላይ አኖሩልኝ። ጣቶቻቸው ቀዝቃዛ ነበሩ።

«በእግዜር» አሉኝ። «ተቀመጭ።»

«የኔታ፣ ማኪናው...»

«ጨርሺ። ጉባኤ ዘርግቼ መሀል ላይ ተነሥቼ አውቃለሁ?»

ከኋላዬ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ ሰማሁ። «እጠብቅሻለሁ» አላሉም። እኔ ግን የሰማሁት እንደዚያ ነው። እሳቸው ተቀመጭ ስላሉ ተቀመጥኩ።

ንጉሤን ቦታው መለስን፤ ሰዓቱ ቀጠለ። መጀመሪያ ግንቤን አስጠጋሁ፤ ከዚያ ንጉሤን ከወታደሯ ፊት አወጣሁት። መልካሙ በግንቡ ቼክ አለኝ። ሸሸሁ። እንደገና ቼክ። ሸሸሁ። ከውጭ የማኪና ጡሩምባ ተነፋ። ዓይኔን ከሰሌዳው አላነሣሁም። ልጃቸው ምን እንደሆነች የሚያዩበት ጊዜ ይህ ብቻ ነው ብዬ ነበር፤ በደንብ እንዲያዩኝ ፈለግሁ። እንደገና ቼክ። ጡሩምባው ሁለተኛ ተነፋ። ግንቤን አንሥቼ በመሀል አስገባሁት፤ ድልድዩ ተሠራ። መልካሙ ፈገግ ብሎ ንጉሡን በጣቱ አጋደመና እጁን ዘረጋልኝ። ይህን ጊዜ እያየሁ ጨበጥኩት።

የእኛዎቹ ጮሁ። እኔ ዞርኩ። አግዳሚው ባዶ ነበር።

እየሮጥኩ ወጣሁ። ደጁ ላይ የቆመ ማኪና የለም። የጎማ ምልክት ያለበት እርጥብ መሬትና አንዲት ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ብቻ። «አሁን ሄዱ» አለችኝ ሳልጠይቃት። ፊቴን አይታ መሆን አለበት።

አያ ደረሰ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«መቼ ወጡ?» አልኩት።

«ሁለተኛው ጡሩምባ ሲነፋ። ልጥራት ወይ አልኳቸው። ‹ተዋት፣ ትጨርስ› አሉኝ። በሩ ላይ ቆም ብለው ጀርባሽን አዩ።»

«ምንም አላሉም?»

የቀድሞ ሾፌር ናዳ አይቶ የማያለቅስ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «‹ያን ጊዜም እንዲህ ቀና ብላ እምቢ ብትለኝ እሺ እላት ነበር› አሉኝ። ‹ተቀይሜ አልሄድኩም፤ መርቄያት ነው የሄድኩ በላት› አሉ።»

እርጥቡ መሬት ላይ በነጠላዬ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። አያ ደረሰ ከጎኔ ቆሞ ጠበቀኝ፤ አላባበለኝም።

ባሕር ዳር ሄድን። ገና በመጀመሪያው ቀን ተሸንፈን ሐይቁን አይተን ተመለስን። አያ ደረሰ እስከ ዛሬ «ደባርቅን ያሳለፈች ልጅ» እያለ ለሰው ሁሉ ያስተዋውቀኛል፤ አሁን ፈረሱንና ጳጳሱን በእጁ ዳሶ ነው የሚለየው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ። አንዳንዱ ጨዋታውን ጥለሽ መሮጥ ነበረብሽ ይለኛል። አንዳንዱ ጨርሺ ብለውሻል፣ ታዘሽ ጨረስሽ ይለኛል። እኔ የምቆጭበት ሌላ ነው፤ የዚያች ምሽት የግቢ በር። ስድስት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ቁጣ በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም። አባቴ የተቀየሙት በእምቢታዬ አልነበረም፤ እምቢ ለማለት እንኳ ሳላምናቸው በመቅረቴ ነው። ሲሲሊያንን አሁንም እጫወታለሁ፤ ከሰሌዳ ውጭ ግን ትቼዋለሁ። ተማሪዎቼንም «ያልገባችሁን አልገባኝም፣ የማትፈልጉትን አልፈልግም በሉኝ፤ እኔ አልቆጣም» እላቸዋለሁ።

ወደ ገዳሙ የሚወርድ ሰው ሁሉ በደባርቅ ያልፋል። ተሳልመው የሚመለሱትን አውቶቡስ መናኸሪያ ሄጄ እጠይቃለሁ። መጠየቁም ቀላል አይደለም፤ የምንኩስና ስማቸውን አላውቅም። «ድምፃቸው የሰለለ፣ በግራ እግራቸው የሚያነክሱ፣ ዜማ የሚያውቁ አባት» እያልኩ ነው። «እዚያ እንዲህ ያለ ስንቱ!» ይሉኛል።

ባለፈው ዓመት ግን አንድ የደባርቅ ዙሪያ ገበሬ፣ ጠና ያሉ ሰውዬ፣ ጥያቄዬን ሰምተው ትንሽ አሰቡ። «ስማቸውን አልጠየቅሁ። አንድ አባት ግን በወዴት መጣህ አሉኝ። በደባርቅ አልኳቸው። ‹ደባርቅ ቼዝ የሚሉት ነገር ይጫወታሉ አሉ፣ ታውቃለህ?› አሉኝ። እኔ ምኑን አውቄው!»

«ከዚያስ?» አልኩ።

«‹አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሳትጨርስ ትቻት መጣሁ። አሸንፋ ይሆን?› አሉኝ። አላውቅም ብያቸው መጣሁ።»

ሰውዬው ጉልበታቸው ስለደከመ ዳግመኛ አይወርዱም። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከመሀላችሁ በዚያ በኩል የምትወርዱ ካላችሁ አደራ። ስማቸውን አልነግራችሁም፤ አላውቀውም። ድምፃቸው ሰልሏል፣ በግራ እግራቸው ያነክሳሉ፣ ከደባርቅ የመጣ ሰው ሲያገኙ ስለ ቼዝ ይጠይቃሉ። ሲጠይቋችሁ «አሸንፋለች» በሏቸው።